ደረቅ ዕፅን በትነት የሚያቀርቡ መሣሪያዎች፦ በቡታ ጋዝና በኤሌክትሪክ የሚሠሩት በሕክምና ዓይን ሲነጻጸሩ

መግቢያ

ካናቢስ በአብዛኛው ዓለም በሕግ የተከለከለ ዕፅ ቢሆንም ካለፉት ሃያ ዓመታት ወዲህ በአንዳንድ አገሮች በሐኪም ማዘዣ የሚሰጥ መድኃኒት ሆኗል። ኔዘርላንድስ እ.ኤ.አ. በ2003 በመድኃኒት ቤቶች በኩል ማቅረብ ጀመረች። ጀርመን በ2017 ባወጣችው ሕግ ሐኪሞች እንዲያዙት ፈቀደች። ስዊዘርላንድም በ2022 ቀደም ሲል ይጠየቅ የነበረውን ልዩ ፈቃድ አስቀርታለች። በእነዚህ አገሮች ለሕሙማን ከሚቀርቡት ዓይነቶች አንዱ የደረቀው አበባ ራሱ ነው። ይህን አበባ እንደ ሲጋራ ጠቅልሎ ማጨስ በሕክምና ስለማይመከር፣ ዕፁን ሳያቃጥሉ በማሞቅ ንጥረ ነገሮቹን ወደ ትነት የሚለውጡ መሣሪያዎች ሥራ ላይ ውለዋል። በተለምዶ ቬፖራይዘር ይባላሉ፤ በዚህ ጽሑፍ ማትነኛ መሣሪያ ተብለው ይጠራሉ።

ማትነኛ መሣሪያዎች ሙቀት ከሚያገኙበት ምንጭ አንጻር በሁለት ይከፈላሉ። አንዳንዶቹ በኤሌክትሪክ ወይም በባትሪ ሲሠሩ፣ ሌሎቹ የሚሞቁት በቡታ ጋዝ ነው። ሻጮችና ተጠቃሚዎች ሁለቱን ሲያወዳድሩ የሚያነሡት ዋጋን፣ ጣዕምን፣ በኪስ ለመያዝ መመቸትን ነው። የጤና ባለሙያው የሚጠይቀው ግን ሌላ ነው፤ መሣሪያው ሙቀቱን በሚፈለገው ልክ ሊይዝ ይችላልን? ሙቀቱ ካልታወቀ ወደ ሳንባ የሚገባው የመድኃኒት መጠን አይታወቅም፤ ከልኩ ሲያልፍ ደግሞ ማትነን የተባለው ነገር ማጨስ ይሆናል።

በኢትዮጵያ ካናቢስን ማምረት፣ መያዝ፣ ማዘዋወርም ሆነ መጠቀም የተከለከለ ነው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 ድርጊቱን በወንጀል ያስቀጣል፤ በውጭ አገር ሐኪም የታዘዘ መሆኑም ዕፁን ይዞ ወደ አገር ለመግባት ፈቃድ አይሆንም። ይሁን እንጂ በጀርመን፣ በእስራኤል ወይም በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩ ወገኖች ለጉብኝት ሲመጡ ስለ መሣሪያዎቹ ሊጠይቁ፣ ወይም ከአጠቃቀሙ ጋር የተያያዘ ችግር ይዘው ወደ ጤና ተቋም ሊቀርቡ ይችላሉ። በእነዚያ አገሮች የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን የጤና ባለሙያዎችም ጉዳዩ በየዕለት ሥራቸው የሚያጋጥማቸው ነው። ስለዚህ የመሣሪያዎቹን አሠራርና ጉዳት ማወቅ ተገቢ ይሆናል።

በማቃጠልና በማትነን መካከል ያለው ልዩነት

ሲጋራ በሚሳብበት ጊዜ የሚነድደው ጫፍ እስከ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊደርስ ይችላል። በዚህ ሙቀት የተክሉ አካል ይፈራርሳል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ታር፣ ቤንዚንና ካንሰር አምጪ የሆኑ ልዩ ልዩ ውሕዶች ይፈጠራሉ። ይህ የካናቢስ ጭስ ብቻ ጠባይ አይደለም። ትምባሆም፣ ማገዶም፣ ከሰልም ሲነድድ ተመሳሳይ ነገር ይፈጠራል፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ በከሰል ጭስ የታፈነ ሰው ያከመ ባለሙያ ጉዳቱን በሚገባ ያውቀዋል።

ማትነን የሚከናወነው ግን በአብዛኛው ከ180 እስከ 210 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ነው። በአበባው ላይ ባሉት ጥቃቅን እጢዎች ውስጥ የሚገኙት ንጥረ ነገሮች፣ በተለይም ቲ.ኤች.ሲ. እና ሲ.ቢ.ዲ. የሚባሉት፣ በዚህ ሙቀት ከዕፁ ተለይተው ይወጣሉ። ከዚህ ቀደም ሌላ ለውጥ መካሄድ አለበት። በጥሬው አበባ ውስጥ ንጥረ ነገሮቹ በአብዛኛው የሚገኙት በአሲድ መልክ ሲሆን፣ የቲ.ኤች.ሲ. አሲድ አእምሮን የመለወጥ ኃይል የለውም። በሙቀት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲለቅቅ ወደሚሠራው መልክ ይለወጣል፤ ሂደቱም ዲካርቦክሲሌሽን ይባላል። ሙቀቱ ካነሰ ይህ ለውጥ ሳይጠናቀቅ ይቀራል። ሙቀቱ ከበዛ፣ በተለይም ከ230 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ፣ ዕፁ መክሰልና መቃጠል ይጀምራል። እንግዲህ ሕክምናዊ ጥቅም የሚገኝበት የሙቀት ክልል ጠባብ ነው፤ የሁለቱ መሣሪያዎች ንጽጽርም የሚያርፈው በዚህ ጠባብ ክልል ላይ ነው።

በኤሌክትሪክ የሚሠሩ መሣሪያዎች

በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማትነኛ መሣሪያ ማሞቂያ፣ የሙቀት መለኪያና መቆጣጠሪያ አለው። መለኪያው ሙቀቱን በየቅጽበቱ ይከታተላል፤ ሲቀንስ ኃይል ይጨምራል፣ ሲያልፍ ያቋርጣል። በዚህ ዘርፍ ስሙ የታወቀው፣ የቀዶ ሕክምና መሣሪያዎች በማምረት በምትታወቀው በቱትሊንገን ከተማ፣ ጀርመን የሚሠራው ቮልካኖ ነው። ቮልካኖ የሞቀ አየር በዕፁ መካከል እየነፋ ትነቱን በፊኛ ውስጥ ያጠራቅማል፤ ሕመምተኛው ከፊኛው ይስባል። የዚሁ ፋብሪካ ቮልካኖ ሜዲክ እና በባትሪ የሚሠራው ማይቲ ሜዲክ የሕክምና መሣሪያ መሆናቸው በአውሮፓ የተረጋገጠ ነው።

ሙቀቱ ወደ ዕፁ የሚደርሰው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ዕፁ የጋለ ግድግዳ እየነካ ሲሞቅ ነው፤ በዚህ ጊዜ ግድግዳውን የነካው ክፍል ቀድሞ ይሞቃል፣ መካከሉ ይዘገያል። ሁለተኛው የሞቀ አየር በዕፁ ውስጥ ሲያልፍ ሲሆን ሙቀቱን ይበልጥ በእኩል ያከፋፍላል። ብዙዎቹ መሣሪያዎች ሁለቱንም ያጣምራሉ። በመስኮቱ ላይ የሚታየው ቁጥር የማሞቂያው እንጂ የዕፁ ትክክለኛ ሙቀት አለመሆኑን መገንዘብ ይገባል። ሕመምተኛው በኃይል ከሳበ አየሩ ዕፁን ያቀዘቅዘዋል፤ በዝግታ ከሳበ ይሞቃል። ቢሆንም ልዩነቱ ውስን ነው፤ ዛሬ የተወሰደው ነገና ከነገ ወዲያ በተቀራራቢ መጠን ሊደገም ይችላል።

በቡታ ጋዝ የሚሠሩ መሣሪያዎች

በቡታ ጋዝ የሚሠሩት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። ከሕክምና አንጻር በሦስት መክፈል ይቻላል።

የመጀመሪያዎቹ ከውስጣቸው የጋዝ ማጠራቀሚያ ያላቸውና ጋዙን በካታሊስት አማካይነት ያለ ነበልባል የሚያነድዱ ናቸው። በአየርላንድ የተሠራው አዮላይት ለዚህ ምሳሌ ነው። አሠራሩ በጋዝ ከሚሠራ የብየዳ መሣሪያ ጋር ይመሳሰላል። ሙቀቱ በሜካኒካዊ መቆጣጠሪያ በአንድ ደረጃ፣ በ190 ዲግሪ ገደማ፣ እንዲቆይ የታሰበ ነው፤ ተጠቃሚው እንደ ፍላጎቱ ሊለውጠው አይችልም።

ሁለተኛዎቹ ዕፁን የያዘ ትንሽ የብረት ክዳን ከውጭ በላይተር የሚሞቅባቸው ናቸው። በአሜሪካ ዊስኮንሲን የሚሠራው ዳይናቫፕ ከነዚህ ይመደባል። ክዳኑ ሲግል ቀጭ የሚል ድምፅ በማሰማት እሳቱን የማራቂያ ጊዜ መድረሱን ያሳውቃል። ብልሃቱ ቀላልና ጠቃሚ ነው፤ ሆኖም የመጨረሻው ውሳኔ የተጠቃሚው ነው። ድምፁ ከተሰማ በኋላ ለጥቂት ሴኮንዶች ማሞቅን የቀጠለ ሰው ዕፁን ሊያቃጥለው ይችላል።

ሦስተኛዎቹ ነበልባሉ በቀጥታ ወደ አየር መሳቢያው የሚገባባቸው ናቸው። ተጠቃሚው ሲስብ ከነበልባሉ የሚነሣው ትኩስ አየር በዕፁ ውስጥ ያልፋል። ሙቀቱን የሚወስነው የላይተሩ ርቀት፣ የነበልባሉ መጠንና የአሳሳቡ ኃይል ነው፤ ማለትም የእጅ ልምድ ነው።

የጤና ባለሙያው ሦስቱን ለይቶ ማወቅ የሚያስፈልገው ጋዙ ሲነድድ የሚፈጠረው ነገር ወዴት እንደሚሄድ ለመረዳት ነው። ቡታ ጋዝ በበቂ ኦክስጅን ሲነድድ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ይሰጣል። አየር ሲያንሰው ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ ይጨመራል፤ ከፍተኛ ሙቀት ባለበት ነበልባልም ናይትሮጂን ዳይኦክሳይድ ሊፈጠር ይችላል። በሁለተኛው ዓይነት ይህ ጋዝ በአብዛኛው ወደ ውጭ ይበተናል። በመጀመሪያው ዓይነት የጋዙ ማውጫ ከመሳቢያው የተለየ ሊሆን ይገባል። በሦስተኛው ግን በቀጥታ ከትነቱ ጋር ይሳባል። አስም ወይም ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ላለበት ሰው ይህ ልዩነት ከዋጋም ከጣዕምም በላይ ነው።

የላቦራቶሪ ማስረጃ

ሁለቱን ዓይነቶች ጎን ለጎን ካስቀመጡት ጥናቶች አንዱ በስዊዘርላንድ በርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ተከናውኖ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ነው። አራት በኤሌክትሪክ የሚሠሩና አንድ በጋዝ የሚሠራ መሣሪያ ተፈትነዋል። በዕፁ ውስጥ ከነበረው ቲ.ኤች.ሲ. ወደ ትነቱ የወጣው ድርሻ በዳቪንቺ 54.6 ከመቶ፣ በቮልካኖ ሜዲክ 58.4 ከመቶ፣ በፕሌንቲ 66.8 ከመቶ፣ በአሪዘር ሶሎ 82.7 ከመቶ ሆኖ ተገኘ። በጋዝ በሚሠራው መሣሪያ ደግሞ 55.9 ከመቶ ነበር።

እነዚህን ቁጥሮች ብቻ የተመለከተ ሰው የጋዙ መሣሪያ ከሌሎቹ እምብዛም አያንስም ሊል ይችላል፤ እንዲያውም ከአንዱ ይበልጣል። ልዩነቱ የታየው በሌላ በኩል ነው። በኤሌክትሪክ በሚሠሩት መሣሪያዎች የቲ.ኤች.ሲ. አሲድ ከ97 ከመቶ በላይ ወደሚሠራው መልክ ሲለወጥ፣ በጋዙ መሣሪያ ለውጡ ዝቅ ያለ ነበር፤ ከዚህም ጋር ዕፁ ሲቃጠል ታይቷል። ሁለቱ ውጤቶች አብረው መገኘታቸው ትርጉም አለው። አንዱ የዕፁ ክፍል በቂ ሙቀት ሳያገኝ ሌላው ከልኩ በላይ መጋሉን ያመለክታልና። በጥናቱ የተካተተው በጋዝ የሚሠራ መሣሪያ አንድ ብቻ ስለ ነበር ውጤቱን ለሁሉም መስጠት አይገባም። ነገር ግን መሣሪያ የሚመዘነው በሚሰጠው የትነት ብዛት ብቻ ሳይሆን ያንኑ ውጤት ያለ ቃጠሎ ደጋግሞ መስጠት በመቻሉ መሆኑን በግልጽ ያሳያል።

የመጠን ጉዳይ

ይህ በታማሚው ላይ ያለውን ትርጉም በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። 20 ከመቶ ቲ.ኤች.ሲ. ያለው 100 ሚሊግራም አበባ 20 ሚሊግራም ቲ.ኤች.ሲ. ይይዛል። ከላይ በተጠቀሰው ጥናት ዝቅተኛውን ውጤት ባሳየው የኤሌክትሪክ መሣሪያ 11 ሚሊግራም ያህል፣ ከፍተኛውን ባሳየው ደግሞ 16.5 ሚሊግራም ያህል ወደ ትነት ይወጣል። ስለዚህ ሕመምተኛው መሣሪያ ሲለውጥ አበባውና ክብደቱ ባይለወጥም መጠኑ በግማሽ ያህል ሊጨምር ይችላል። ሐኪሙ ሳያውቅ መድኃኒቱ ተለውጧል ማለት ነው። ሙቀቱ በእጅ ልምድ በሚወሰንበት መሣሪያ ደግሞ ይህ ልዩነት በአንዱ ቀንና በሌላው ቀን፣ በአንዱ አሳሳብና በሚቀጥለው መካከል ሊከሠት ይችላል።

በትነት የተወሰደ ቲ.ኤች.ሲ. በደቂቃዎች ውስጥ ወደ አንጎል ይደርሳል። ፈጣንነቱ ለታማሚው ጥቅም አለው፤ ጥቂት ወስዶ፣ ቆይቶ፣ ስሜቱን አይቶ መጨመር ወይም ማቆም ይችላል። ከልክ ያለፈ መጠንም በዚያው ፍጥነት ይደርሳል። የልብ ምት መፍጠን፣ ሲቆሙ የደም ግፊት መውረድ፣ ጭንቀት፣ ማስታወክ፣ አንዳንድ ጊዜም ከእውነታ የራቀ አስተሳሰብ ሊታይ ይችላል።

ትነት ከጭስ የለዘበ ነው የሚለውን ግምት የሚያርም ማስረጃም አለ። በአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተሙት ጥናት አዘውትረው በማይጠቀሙ 17 ጤናማ ሰዎች ላይ የተደረገ ነበር። እኩል መጠን ቲ.ኤች.ሲ. ያለው ካናቢስ በትነት ሲወሰድ፣ ከማጨስ ይልቅ በደም ውስጥ ከፍ ያለ ቲ.ኤች.ሲ. ተገኝቷል፤ በአስተሳሰብና በእንቅስቃሴ ቅልጥፍና ላይ ያደረሰው ጉድለትም የበለጠ ሆኗል። እንግዲህ ሲያጨስ የነበረ ሰው ወደ ማትነኛ መሣሪያ ሲዛወር የቀድሞውን መጠን መቀነስ እንጂ እንዳለ መቀጠል አይገባውም።

ትነት ለሳንባ ያለው ጥቅምና ወሰኑ

የማትነን ዋና ጥቅም ቃጠሎን ማስቀረቱ ነው። በሳን ፍራንሲስኮ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት 18 ሰዎች በተለያዩ ቀናት በማጨስና በቮልካኖ ካናቢስ እንዲወስዱ አድርጓል። በደም ውስጥ የተገኘው ቲ.ኤች.ሲ. ተቀራራቢ ሲሆን፣ በሚተነፍሱት አየር ውስጥ የተገኘው የካርቦን ሞኖክሳይድ ጭማሪ ግን በትነት ጊዜ እጅግ አነስተኛ ነበር።

ይህ ጥቅም የሚገኘው ዕፁ እስካልተቃጠለ ድረስ ብቻ ነው። በተጨማሪም መሣሪያው ሳንባን ለጉዳት ያጋልጥ የነበረውን ይቀንሳል እንጂ ሳንባን አያክምም። በካናዳ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ሥር የሰደደ የሳንባ መዘጋት ሕመም ባለባቸው 16 ሰዎች ላይ በትነት የተወሰደ ካናቢስ የትንፋሽ ማጠርን እንዳላሻሻለ አሳይቷል።

ከዚህ ጋር የሚምታታ ጉዳይም አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ የተከሠተው ከባድ የሳንባ ጉዳት እስከ የካቲት 2020 ድረስ 2,807 ሰዎችን ሆስፒታል እንዲገቡ ወይም እንዲሞቱ ያደረገ ሲሆን፣ ከእነዚህ 68ቱ ሞተዋል። ችግሩ በዋነኛነት የተያያዘው በሕገ ወጥ መንገድ በተዘጋጀ የቲ.ኤች.ሲ. ዘይትና በተቀላቀለበት ቫይታሚን ኢ አሲቴት ነው። ደረቅ ዕፅ የሚያሞቁት መሣሪያዎች ዘይት ስለማይጠቀሙ ከዚህ የተለዩ ናቸው። ሕመምተኛው «ቬፕ እጠቀማለሁ» ሲል ዘይት ይሁን ደረቅ ዕፅ ለይቶ መጠየቅ የምርመራውን አቅጣጫ ይለውጣል።

የእሳትና የባትሪ አደጋ

የቡታ ጋዝ ነበልባል ከ1,900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይሞቃል። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፤ በአየር ውስጥ ከ2 ከመቶ ባነሰ መጠን እንኳ ሊቀጣጠል ይችላል። ስለዚህ መሣሪያውን በተዘጋ ክፍል ወይም ምድጃ አጠገብ መሙላት አደገኛ ነው። ጋዙ ሆን ተብሎ ከተሳበ ልብን ለአድሬናሊን ከመጠን በላይ ስሜታዊ ስለሚያደርግ ድንገተኛ የልብ ምት መዛባትና ሞት ያስከትላል፤ በቤት ውስጥ ታዳጊዎች ካሉ የጋዝ መሙያው ራሱ መቆለፍ አለበት።

መድኃኒቱ የሚታዘዝላቸው ሰዎች እነማን እንደሆኑም ማሰብ ይገባል። ብዙዎቹ በመልቲፕል ስክሌሮሲስ ምክንያት ጡንቻቸው የተኮማተረ ወይም እጃቸው የሚንቀጠቀጥ፣ ወይም በነርቭ ሕመም ጣታቸው የደነዘዘ ናቸው። በኃይለኛ ነበልባል የጋለ ብረት ለመያዝ ከሁሉ ያነሰ ብቃት ያላቸው እነዚህ ናቸው። በቤቱ ኦክስጅን ለሚጠቀም ሕመምተኛ ደግሞ ማንኛውም ነበልባል ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

የኤሌክትሪኩም ከአደጋ ነፃ አይደለም። የሊቲየም ባትሪ ከተቀጠቀጠ፣ ከረጠበ ወይም በማይስማማ ባትሪ መሙያ ከተሞላ ሊነድድ ይችላል። ባትሪው ሲያረጅ ሙቀቱ ከሚፈለገው ደረጃ ሊዘገይ ይችላል። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ መሣሪያው ሳይሠራ መቅረቱም እውነት ነው፤ የጋዙ መሣሪያ እውነተኛ ብልጫ ያለውም በዚህ በኩል ነው።

ኢንፌክሽን

ደረቅ ዕፅ የአስፐርጊለስ ሻጋታ ዘር ሊይዝ ይችላል፤ ለአጭር ጊዜ ማሞቅም ሁሉንም እንደሚገድል ሊታመን አይገባም። የሰውነት መከላከያው ለተዳከመ ሕመምተኛ፣ ለምሳሌ ኬሞቴራፒ ለሚወስድ ወይም የአካል ክፍል ለተተካለት፣ ይህ ለሕይወት የሚያሰጋ ነው። የመሣሪያው ዓይነት ይህን አይለውጠውም። መሳቢያውን መጋራትም እንዲሁ ነው። በሲያትል ከተማ እ.ኤ.አ. በ2004 በማሪዋና ተጠቃሚዎች መካከል የሳንባ ነቀርሳ ወረርሽኝ በተመረመረበት ጊዜ በተዘጋ መኪና ውስጥ አብሮ ማጨስ ከመተላለፊያ መንገዶቹ አንዱ ሆኖ ተጠቅሷል። በኢትዮጵያ ያለው የነቀርሳ ስርጭት ይህን ማስጠንቀቂያ የበለጠ ያጎላዋል።

የጤና ባለሙያው ሊጠይቃቸው የሚገቡ ነጥቦች

ሕመምተኛው ሳይፈራ እንዲናገር ጥያቄው ከወቀሳ የራቀ መሆን አለበት። የሚከተሉት በታሪክ አወሳሰድ ጊዜ ይጠቅማሉ፦

1. የሚሞቀው ዘይት ነው ወይስ ደረቅ ዕፅ?
2. መሣሪያው በምን ይሞቃል? በጋዝ ከሆነ ነበልባሉ የሚሳበውን አየር ይነካል?
3. ሙቀቱ በስንት ዲግሪ ነው? ተጠቃሚው መልስ ከሌለው ያ ራሱ መልስ ነው።
4. ከተጠቀሙ በኋላ የሚቀረው ዕፅ ምን ይመስላል? ቡናማ ከሆነ መትነኑን፣ ጥቁር ወይም ዐመድ ከሆነ መቃጠሉን ያሳያል።
5. በቅርቡ መሣሪያ ወይም የአበባ ዓይነት ተለውጧል?
6. መሳቢያውን ከሌላ ሰው ጋር ይጋራሉ? በቤት ውስጥ ኦክስጅን ወይም ሕፃናት አሉ?
7. የልብ ሕመም፣ የሥነ አእምሮ ሕመም ታሪክ ወይም እርግዝና አለ?

አራተኛው ጥያቄ ምንም መሣሪያ ሳያስፈልገው ብዙ ይናገራል። ራስ ምታትና ማዞር ይዞ የመጣ ተጠቃሚ የካርቦን ሞኖክሳይድ መመረዝ ከተጠረጠረበት ደግሞ ተራው የጣት ኦክስጅን መለኪያ መደበኛ ቁጥር ቢያሳይም እንዳያዘናጋ መጠንቀቅ ያሻል፤ መለኪያው ኦክስጅን የያዘውን ሄሞግሎቢን ካርቦን ሞኖክሳይድ ከያዘው አይለይምና።

ማጠቃለያ

በቡታ ጋዝና በኤሌክትሪክ የሚሠሩት መሣሪያዎች ሁለቱም ዕፅን ወደ ትነት ሊለውጡ ይችላሉ፤ በሚያወጡት የቲ.ኤች.ሲ. ድርሻም ሊቀራረቡ ይችላሉ። የሚለያቸው ሙቀትን የመቆጣጠር ችሎታ ነው። ካናቢስ በሕግ በሚታዘዝባቸው አገሮች ለሕክምና ተመራጭ የሚሆነው ሙቀቱ የሚለካና የሚደገም፣ የሕክምና መሣሪያነቱ የተረጋገጠ የኤሌክትሪክ ማትነኛ ነው። በጋዝ የሚሠራው ኤሌክትሪክ በሌለበት ቢያገለግልም፣ የመጠንና የቃጠሎ ኃላፊነቱን በተጠቃሚው እጅ ላይ ይጥላል። ነበልባሉ የሚሳበውን አየር የሚነካው ዓይነት ለሳንባ ሕሙማን አይመከርም። የትኛውም ቢሆን ዕፁን ከጉዳት ነፃ አያደርገውም። «ትነት ነውና አይጎዳም» የሚል ሰው ሲያጋጥም የባለሙያው መልስ አጭር ሊሆን ይችላል፤ ትነቱ በስንት ዲግሪ፣ በምን ያህል መጠን፣ ለማን?